ኳርተርባክ ሲያሳድድ የኖረው ዳኛ

የአሜሪካ ፉትቦልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑ ኳሱን ከያዘው ተጫዋች አይነቀልም። መሃል ላይ ተፋጥጠው፣ ኳሱ በተነሳ ቁጥር እንደ ኮርማ የሚጋጩትን ግዙፍ ሰዎች ልብ የሚላቸው የለም። ጨዋታው ግን ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው እዚያው እነሱ ዘንድ ነው። ይህን ለማስረዳት ከቀድሞው ተከላካይ ከአለን ፔጅ የተሻለ ሰው አላገኘሁም።

መጀመሪያ ሥራውን እንወቀው። ከየወገኑ 11 ተጫዋች ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልሆነለት ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። በፔጅ ዘመን የሚከላከለው ቡድን በአብዛኛው አራት ሰዎችን ከፊት ያሰልፍ ነበር፤ ሁለቱን መሃል፣ ሁለቱን ዳርና ዳር። እነዚህ የፊት መስመር ተከላካዮች ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ያስቆማሉ። ጨዋታውን የሚመራውን ኳርተርባክ ደግሞ ኳሱን ሳይወረውር ደርሰው መሬት ላይ ይጥሉታል። ይህኛው ሳክ ይባላል፤ ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሳውም እሱ ነው።

ተከላካዩ አንድ እጁን መሬት አስደግፎ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ ኳሱን እያየ ይጠብቃል። ኳሱ ሳይነሳ መስመሩን ካለፈ ቡድኑ ይቀጣል። ለቅጽበት ከዘገየ ደግሞ ከፊቱ ያለው ባላጋራ ደረቱን ይዞ ወደኋላ ይነዳዋል። መሃል ላይ የሚሰለፈው ተጫዋች ላይማ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይደረብበታል። ስለዚህ ጉልበት ብቻውን አያዋጣም፤ የተጋጣሚን እግር አቀማመጥ ማንበብ፣ ሐሳቡን ቀድሞ መገመት፣ ከሁሉም በላይ መፍጠን ያስፈልጋል።

ፔጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1945 ኦሃዮ ውስጥ በምትገኘው ካንተን ከተማ ነው። የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ በዚያችው ከተማ ሲገነባ እሱ ገና ወጣት ነበርና በቀን ሠራተኝነት ተቀጥሮ ሠርቷል። ከዚያ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ቡድኑ በ1966 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የፕሮፌሽናል ሊጉ ክለብ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 15ኛ አድርጎ ወሰደው። የክለቡ መለያ ሐምራዊ ስለነበር፣ እሱና ጓደኞቹ ካርል ኤለር፣ ጂም ማርሻልና ጌሪ ላርሰን “ሐምራዊዎቹ ሰው በላዎች” ተባሉ።

ፔጅ 111 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ለተራ ሰው ብዙ ነው፤ መሃል ላይ ለሚሰለፍ ተከላካይ ግን ቀላል የሚባል ክብደት ነው። የጎደለውን በፍጥነት ሞላው። በ1971 ከዲትሮይት ጋር ሲጫወቱ ዳኞቹ በተከታታይ ጥፋት ያዙበት። ተናደደ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሙከራዎች አንድ በአንድ ሲያከሽፍ የዲትሮይት ተጫዋቾች የሚያቆሙበት መላ አጡ። በዚያው ዓመት የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ ከተከላካዮች ወገን ይህን የአሶሺዬትድ ፕሬስ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከእሱ በኋላም ያገኘው ተከላካይ በ1986 የተሸለመው ሎረንስ ቴይለር ብቻ ነው።

ሁሉም ግን አልሰመረለትም። ቫይኪንግስ አራት ጊዜ ለፍጻሜው ጨዋታ ለሱፐር ቦውል ደርሶ አራቱንም ተሸንፏል። ሊጉ ሳክን በይፋ መቁጠር የጀመረው ደግሞ በ1982 ነው፤ ፔጅ መጫወት ያቆመው ከዚያ በፊት ባለው የውድድር ዘመን፣ በ1981። ስለዚህ የጣላቸው ኳርተርባኮች በሙሉ ከይፋዊው መዝገብ ውጭ ናቸው። ለእኔ ይህ ከአራቱ ሽንፈት ይብሳል፤ ሽንፈቱስ ቢያንስ ተመዝግቧል።

ከሜዳ ውጭ ያደረገው ይበልጥ ያስገርማል። አብዛኛው የዚህ መስመር ተጫዋች ጉልበቱና ጀርባው ቶሎ ያልቃል፤ ሠላሳዎቹን ሳያጋምስ ከሜዳ ይወጣል። ፔጅ ከልጅነቱ ጠበቃ የመሆን ሐሳብ ስለነበረው፣ እየተጫወተ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረና በ1978 ተመረቀ። በተጫዋቾች ማኅበርም ውስጥ ንቁ ተሳታፊ ነበር፤ ከክለብ ወደ ክለብ መዘዋወርን ያጠብቅ የነበረውን የሊጉን ደንብ በፍርድ ቤት ከተቃወሙት ተጫዋቾች አንዱ ነው።

ረጅም ርቀት መሮጥም ጀመረ። ለእኛ ማራቶን ብርቅ አይደለም፤ ግጭት ሥራው ለሆነ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክብደቱ ወደ 102 ኪሎ ወረደ። አሠልጣኙ ባድ ግራንት ቀሎብኛል ብሎ በ1978 የውድድር ዘመን መካከል አሰናበተው። ቺካጎ ቤርስ ለዝውውሩ የከፈለው 100 ዶላር ብቻ ነበር። ቀለለ የተባለው ሰው በቺካጎ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በቋሚነት ተሰለፈ። በሊጉ ቆይታው በጠቅላላ 218 ጨዋታ ሲጫወት አንዱም አላመለጠውም። በ1979 ደግሞ በሊጉ እየተጫወተ ማራቶን የጨረሰ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ።

በ1988 የዝና አዳራሹ አባል ሲሆን፣ እንደተለመደው አሠልጣኝ ወይም የቡድን ጓደኛ እንዲያስተዋውቀው አልመረጠም፤ የመረጠው የአንድ የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርትን ነው። በንግግሩም ስለ ሳክ ብዙ አላወራም። አንድ ቀን ተከላካዮቹ በስብሰባ ላይ የጨዋታውን መመሪያ ተራ በተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ሲደረግ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ማንበብ እንደማይችሉ ማየቱን ነው የተናገረው። እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ ደረጃን አልፈው፣ ዩኒቨርሲቲ ቆይተው የመጡ ናቸው። ጎበዝ ተጫዋች ስለነበሩ ማንም አልጠየቃቸውም ማለት ነው።

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሚኒሶታ፣ ፔጅ በ1992 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተወዳደረ። የነባሩ ዳኛ ዘመን ተራዝሞ ምርጫው ሊቀር ሲል ራሱ ከስሶ ረታ፤ ተመርጦም በግዛቲቱ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። እስከ 2015 ድረስ፣ ሕጉ የግድ ጡረታ የሚያስወጣበት 70 ዓመት እስኪሞላው፣ በወንበሩ ቆየ። በ2018 የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳሊያ ተቀበለ። ከባለቤቱ ከዳያን ጋር በ1988 ያቋቋመው ድርጅት ለኮሌጅ ተማሪዎች የትምህርት ገንዘብ ይሰጣል፤ ተቀባዮቹ ደግሞ በምላሹ ትንንሽ ልጆችን በትምህርታቸው የማገዝ ግዴታ አለባቸው።