‹ዋው!› ስንት ዋት ነበር?

በኮለምበስ፣ ኦሃዮ፣ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ተማሪዎች በተከራዩአቸው ቤቶች ውስጥ ዋይፋይ የሌለበት ክፍል ማግኘት ይከብዳል። ዋይፋዩን ከሚያሰራጩት ራውተሮች አንዱ 0.1 ዋት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይለቃል ቢባል፣ 1 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ተማሪ ምን ያህሉ ይደርሰዋል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኃይሉ ራውተሩን መሐል አድርጎ እንደ ሉል ይሰፋል። 1 ሜትር ላይ የሉሉ ገጽ 12.6 ካሬ ሜትር ነው፤ 0.1 ዋት ለዚያ ሲካፈል ለአንድ ካሬ ሜትር 8 ሚሊዋት ገደማ ይደርሳል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በዋይፋይ ፍሪኩዌንሲ ለሕዝብ የፈቀደው ጣሪያ በካሬ ሜትር 10 ዋት ስለሆነ፣ የተማሪው ድርሻ የዚህን አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም።

ተማሪው ወደ 10 ሜትር ቢርቅ ኃይሉ መቶ እጥፍ ይሳሳል። የኤሌክትሪክ መስኩ ግን የሚቀንሰው አሥር እጥፍ ብቻ ነው፤ በሜትር ከ1.7 ቮልት ወደ 0.17። ኃይል የመስኩን ካሬ ተከትሎ ስለሚሄድ ነው። መስኩን ለማግኘት ዋቱን በ30 ማባዛት፣ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት፣ ከዚያ ለርቀቱ ማካፈል ይበቃል።

እውነተኛ አንቴና ግን ለሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰጥም። የእጅ ባትሪ መስታወት ብርሃኑን ወደ ፊት እንደሚሰበስበው፣ አንቴናም ኃይሉን ወዳንድ ወገን ያደላል፤ ይህን ማድላት መሐንዲሶች ‹ጌይን› ይሉታል። በጉዳዩ ከተጠበቡት አንዱ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ጆን ክራውስ ነበሩ። በ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንድ እንግዳ ተናጋሪ የተጠመዘዘ ሽቦ አንቴና ሊሆን እንደማይችል፣ ሞክሮትም እንዳልሠራ ነገራቸው። ክራውስ ግን እቤታቸው ምድር ቤት ገብተው ሰባት ዙር ሽቦ ጠመዘዙ። የአንዱ ዙር ርዝመት ልክ አንድ የሞገድ ርዝመት ነበር፤ ሠራም። ሄሊካል አንቴና የተወለደው እንዲህ ነው።

ክራውስ ከኮለምበስ በስተሰሜን፣ ደላዌር አጠገብ፣ ‹ቢግ ኢር› የተባለውን ግዙፍ ሬዲዮ ቴሌስኮፕም ነድፈዋል። ኦገስት 15 ቀን 1977 ይህ ቴሌስኮፕ በ1420 ሜጋኸርዝ አካባቢ 72 ሰከንድ የቆየ ብርቱ ሞገድ ያዘ። በበጎ ፈቃድ የሚያገለግለው ጄሪ ኤማን ከቀናት በኋላ የኮምፒውተሩን ወረቀት ሲያይ የሞገዱን ብርታት የሚያሳየውን ‹6ኢኪውዩጄ5› የሚል ተርታ በቀይ እስክሪብቶ ከቦ ጎኑ ላይ ‹ዋው!› ብሎ ጻፈ።

ይህ ወረቀት ሒሳቡን ወደ ኋላ ለማስኬድ ያስችላል። ኤማን ስለ ሞገዱ ብርታት ከሰጣቸው ሁለት ግምቶች ዝቅተኛው 54 ጃንስኪ (የሬዲዮ ሞገድ ብርታት መለኪያ) ነው። ቴሌስኮፑ ሞገዱን የያዘበት ቻናል ስፋት 10 ኪሎኸርዝ በመሆኑ፣ መሬት የደረሰው በካሬ ሜትር 5.4 ዋት አንድ ላይ 21 ዜሮ ላለው ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ያህል ነው። ወደ መስክ ሲቀየር በሜትር 1.4 ናኖቮልት፤ ከራውተሩ አንድ ቢሊዮንኛ ገደማ! ቴሌስኮፑ ግን ይህችንም ለቅሟታል።

ምንጩ ስንት ዋት ይልክ ነበር? እዚህ ላይ ርቀት ይጠየቃል፤ እሱ ደግሞ አይታወቅም። አንድ የብርሃን ዓመት ርቆ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚረጭ ቢሆን ኖሮ 6 ትሪሊዮን ዋት ያስፈልገው ነበር። ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ከዚያ የመጣ ቢሆን ቁጥሩ ወደ 107 ትሪሊዮን ይዘላል።

ቁጥሩ የማይታመን የሚመስለው ጌይኑ ሲረሳ ነው። የፖርቶ ሪኮው አሬሲቦ ቴሌስኮፕ በ1974 መልእክት ወደ ሕዋ የላከው በ450 ኪሎዋት ነበር። ጌይኑ ከአሥር ሚሊዮን እጥፍ በላይ ስለነበር፣ በጨረሩ መንገድ ላይ ለቆመ ተቀባይ ከ4 ትሪሊዮን ዋት በላይ ያለው ምንጭ ሆኖ ይታያል።