በጀጎል ጡረተኛ ሥራ አይፈታም

ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የተሰናበተ ሰው፣ ወይም መሬቱን ለልጆቹ ያስረከበ አረጋዊ ገበሬ፣ ጧት ተነሥቶ የሚሄድበት ሲያጣ ከገቢው ማነስ ይልቅ የሚከብደው ፈላጊ ማጣቱ ነው። በሐረር ከተማ፣ በተለይም በጥንታዊው የጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ለዚህ ችግር ከብዙ ዘመን ጀምሮ መላ ተበጅቶለት ይገኛል። በዚያ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ሳምንታቸው በቀጠሮ የተያዘ ነው። የሚጠብቃቸው ወዳጅ አለ፤ የሚጠየቅ ዘመድ አለ፤ ቢቀሩ የሚቆጥራቸው ማኅበር አለ።

ይህ የከተማ ኑሮ ለገበሬ ማኅበር ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው በሕግ ጡረታ ይወጣል፤ በየወሩም አበሉን ይቀበላል። ገበሬው ግን የጡረታ አበል የለውም። ጡረታው መሬቱና ልጆቹ ናቸው። መሬቱን ካስረከበ በኋላ በማኅበሩ ውስጥ ምን ቦታ ይኖረዋል የሚለው ጉዳይ የማኅበር መሪዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

በግንቡ ውስጥ ያለው አኗኗር

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ግንቡ በ16ኛው ምእት ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የሚባሉ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በ1998 ዓ. ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካነ መቃብሮች መኖራቸው ተገልጿል።

ይህ ሁሉ የሚገኘው በ48 ሔክታር ላይ ነው። በገበሬ አቆጣጠር ከአንድ ጋሻ መሬት ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ ተያያዥ በመሆኑ ጉልበቱ የደከመ ሰው እንኳ ምርኩዙን ይዞ መስጊዱ፣ ገበያውና የወዳጁ ቤት ለመድረስ አይቸገርም። መኪና መጠበቅ የግድ አይሆንበትም።

የሐረሪ ቤት አሠራርም ለአረጋዊው ቦታ ለይቶ ያስቀመጠ ነው። «ጌይ ጋር» በሚባለው ባህላዊ ቤት ውስጥ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ። መደቡ በሐረሪዎች ቋንቋ «ነደባ» ይባላል። ከነዚህ አንዱ «አሚር ነደባ» ሲሆን የቤቱ ባለቤት የሚቀመጥበት ነው። ባለቤቱ ሥራ ላይ ቢሆንም ጡረታ ቢወጣም ቦታው የእርሱ ነው፤ እንግዳም ሲገባ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

ሦስቱ ማሰሪያዎች

የሐረሪዎችን አኗኗር ከግንቡ ውስጥ ሆኖ ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር ሲድኒ ዋልድሮን ኅብረተሰቡን ያስተሳሰሩት ሦስት ነገሮች መሆናቸውን ጽፏል። እነርሱም «አህሊ» የሚባለው ዝምድና፣ «ማሪኝ» የሚባለው ጓደኝነት እና «አፎቻ» የሚባለው ማኅበር ናቸው።

ዝምድና የትም አለ። የማሪኝ ጓደኝነት ግን ልዩ ጠባይ አለው። በልጅነት የተገናኙ እኩዮች ቡድን ሆነው ይያያዛሉ፤ በትዳርም፣ በሥራም፣ በሐዘንም ሳይለያዩ እስከ እርጅና ይዘልቃሉ። ስለዚህ ሰውየው ጡረታ ሲወጣ አዲስ ወዳጅ ፍለጋ አይሄድም። በሥራ ዘመኑ በሳምንት አንድ ቀን ያገኛቸው የነበሩትን ጓደኞቹን አሁን ደጋግሞ ያገኛቸዋል።

አፎቻ በሌላው የአገራችን ክፍል እድር እንደሚባለው ዓይነት ሆኖ ለሠርግም ለሐዘንም የሚቆም ማኅበር ነው። የወንዶች አፎቻ አለ፤ የሴቶች አፎቻም ለብቻው አለ። ሰው ሲሞት ወንዶቹ ቀብሩን ያስፈጽማሉ፤ ቁርዓን ይቀራሉ፤ ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ። ሴቶቹ በበኩላቸው ምግቡን ያዘጋጃሉ፤ ሐዘን የገባበትን ቤት እመቤት ብቻዋን አይተዋትም። ዋልድሮን ከፒተር ኬን ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት አፎቻን ሕዝቡንና አስተዳደሩን የሚያገናኝ አካል አድርገው ገልጸውታል።

ከሰኞ እስከ እሑድ

የአንድ ጡረተኛ ባልና ሚስት ሳምንት በልማዱ መሠረት ሲታይ እንዲህ ያለ መልክ አለው።

ቀኑ የሚጀምረው በንጋት ሶላት ነው። ባልየው ከመስጊድ ሲመለስ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር የታመመና የሞተ፣ የወለደና የሚድር ማን እንደሆነ ይሰማል። የዕለቱ ፕሮግራም የሚወጣው በዚያች አጭር ወሬ ነው። ሚስቲቱ ደግሞ ወደ ገበያ ትወጣለች። በዙሪያው ካሉ የኦሮሞ መንደሮች ድንችና ሽንኩርት፣ ማሽላና ማገዶ ይዘው በበሮቹ የሚገቡት የገበሬ ሴቶች የቆዩ ደንበኞቿ ናቸው። ሐረሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ኦሮምኛ ስለሚያውቁ ግዢው ያለ አስተርጓሚ ይፈጸማል፤ የልጅና የከብት ደኅንነትም አብሮ ይጠየቃል።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያሉት ቀኖች አፎቻ ሲጠራ ለአፎቻ፣ ካልጠራም ለእጅ ሥራ ይውላሉ። ሴትየዋ ከአክርማና ከሰንደዶ፣ በአለላ ቀለም አሳምራ ሙዳይና ሌማት ትሰፋለች። የሐረር ስፌት በቤቱ ግድግዳ ላይ በሥርዓት የሚሰቀል፣ ለሙሽራም የሚሰጥ የክብር ዕቃ ነው። አንድ ትልቅ ስፌት ለመጨረስ ወራት ሊወስድ ይችላል። በቀድሞ ዘመን ልጃገረዶች ሥራውን የሚማሩት ባለሙያ ከሆነች የሠፈር እናት ዘንድ ተሰብስበው ነበር። ዛሬም የዓይኗ ብርሃን የቀነሰ አያት ራሷ መስፋት ቢሳናት እንኳ የልጅ ልጇን ስፌት አይታ «ይህ ላልቷል፣ ፍቺው» ለማለት አይሳናትም። ስፌቱ ለጎብኚዎች ስለሚሸጥም ለቤት ወጪ የሚሆን ገንዘብ ይገኝበታል።

ወንዶቹም የየራሳቸው ዝንባሌ አላቸው። መኪና ግርግር በሚባለው፣ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ባገኘው ጎዳና፣ በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊዎች ከመኪናቸው ሳይለዩ ይታያሉ። ሐረር ከጥንት ጀምሮ በመጻሕፍት ጽሕፈትና ጥረዛ የታወቀች ስለሆነች የድሮ መጻሕፍትን መሰብሰብና መንከባከብ የሚወዱም አሉ። በዚህ ረገድ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ምሳሌ ናቸው። በግል ጥረታቸው የብራና ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጣ ጌጦችንና ድምፅ የተቀዳባቸውን ክሮች ሲሰበስቡ ቆይተው በመኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 ሙዚየሙ በጀጎል ውስጥ ወደሚገኘው የራስ ተፈሪ ቤት ተዛወረ። የአንድ ሰው የትርፍ ጊዜ ፍቅር ለከተማ ቅርስ ሊሆን እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ሐሙስ ማታ የዝክር ምሽት ነው። በሼክ አባድርና በሌሎችም አውልያ መካነ መቃብር ሰዎች ይሰበሰባሉ። «ከረቡ» የሚባለው ከበሮ ይመታል፤ «ከበል» የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ይጋጫሉ፤ ዕጣን ይጤሳል፤ ቡና ይቀርባል። የቆየውን ዝክር ከነዜማው የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በመሆናቸው በዚያ ምሽት ወጣቱ ተከታይ፣ አረጋዊው መሪ ነው።

ዓርብ የጁምዓ ሶላትና የዘመድ ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ የልጅ ልጆች ይመጣሉ። ልጆች በአዲስ አበባ ወይም እንደ ቶሮንቶ ባለ ሩቅ አገር የሚኖሩ ከሆነም ስልክ የሚደወልበት ሰዓት በጉጉት ይጠበቃል። የልጅ ልጆቹን ይዞ ወደ ሐኪም ጋራ ብቅ ማለት፣ ከተማይቱን ከላይ ሆኖ ማሳየት የተወደደ ሽርሽር ነው። ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲቀለብ ማየትም አለ። በአሹራ ዕለት ለጅብ ገንፎ የማቅረቡን የቆየ ልማድ ለልጆቹ የሚተርኩት አያቶች ናቸው።

ከረመዳን በኋላም በዕድሜ ለገፉት የተለየ ጊዜ ይመጣል። ሴቶችና አረጋውያን ስድስት ቀን ተጨማሪ ጾም ይጾማሉ፤ ጾሙ ሲያበቃ ሹዋሊድ የሚባለው በዓል ለሦስት ቀን ይከበራል። ይህን በዓል ዩኔስኮ በ2016 ዓ. ም. የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ወጣቱ የሚደሰትበት የአደባባይ በዓል መነሻው የእናቶችና የአረጋውያን ጾም መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በጀጎል ውስጥና በአካባቢው የሚኖሩ ክርስቲያን ጡረተኞችም ሳምንታቸው በተመሳሳይ መንገድ የተያዘ ነው። የእሑድ ቅዳሴ፣ የወር ማኅበር፣ ሰንበቴና እድር አላቸው። ከፈረስ መጋላ ፊት ለፊት ያለው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና የጀጎል መስጊዶች ጎረቤት እንደሆኑ ሁሉ፣ ሽማግሌዎቻቸውም በሐዘንና በደስታ ይጠያየቃሉ።

ነጻ የሚሰጥ ነገር የለም

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ማኅበር መዋጮ አለው፤ ከሐዘን የቀረ ይወቀሳል፤ በሠርግ ወቅት ቀናት በተከታታይ ስለሚያዙ ጉልበቱ የደከመ ሰው ይቸገራል። የጡረታ አበሉ ትንሽ የሆነበት ሰው የሠርግ ስጦታና የእንግዳ መስተንግዶ ሲደራረቡበት ያስባል። የወዳጆች ስብሰባም ብዙ ጊዜ ከጫት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ወጪውና በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ችላ ሊባል አይገባውም።

የኑሮ ለውጥም ብዙ ነገር ወስዷል። ብዙ የጀጎል ቤተሰቦች ከግንቡ ውጭ የአትክልትና የቡና መሬት ነበራቸው፤ ወደዚያ መሄድ ለቤተሰቡ ሥራም ሽርሽርም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ መሬቱ በገበሬ ማኅበራት ሥር ገባ፤ ይህ የሳምንቱ ክፍል ቀረ። ማሪኝና አፎቻ ግን አልቀሩም። ከሀብት መታጣት በኋላ ሰውን ያቆመው ይኸው መተሳሰብ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ለገጠሩ ምን ይተርፋል?

የሐረርጌ ገበሬ ለአፎቻ እንግዳ አይደለም። በገጠሩ ኦሮሞ ዘንድም «አፎሻ» በሚል ስም ለቀብርና ለመረዳዳት ያገለግላል፤ በሥራ ጊዜም «ጉዛ» የሚባል የኅብረት ሥራ አለ። በሌላው የአገራችን ክፍልም ደቦ፣ ወንፈል፣ እድርና ማኅበር ይታወቃሉ። ስለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያሻም። የሚያሻው ባለው ማኅበር ውስጥ የአረጋዊውን ቦታ ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

አንደኛ፣ መሬት ሲተላለፍ የአረጋውያኑ መብት እንዲጠበቅ ያስፈልጋል። አባትና እናት የመጠቀም መብታቸውን ለልጅ ሲሰጡ «ይጦረናል» ብለው በቃል ብቻ ቢተማመኑ፣ ልጁ ሲያገባ ወይም ከተማ ሲሄድ ችግር ይነሣል። ምን ያህል እህል፣ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚደረግላቸው በምስክር ፊት በጽሑፍ ቢሠፍር ጧሪ ቀባሪ የተባለው ልጅ ቃሉን ይጠብቃል፤ ማኅበሩም ከክርክር ይድናል።

ሁለተኛ፣ ለአረጋዊው የሚቆጠር ተግባር መስጠት ይጠቅማል። የድንበር ጠብ ሲነሣ የጥንቱን ምልክት የሚያውቅ፣ የትኛው ማሽላ ድርቅ እንደሚችል በዓይኑ ያየ፣ ምንጩ በየትኛው ዘመን እንደ ደረቀ የሚያስታውስ እርሱ ነው። እንዲሁ «ምክርዎን ይስጡን» ከማለት ይልቅ ቀን ተቆርጦ፣ ቦታ ተለይቶ ቢጠራ ይመጣል። ያልመጣ ዕለትም «ምን ሆኑ?» ብሎ የሚሄድ ሰው ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሴቶች አይዘንጉ። በጀጎል የሴቶች አፎቻ ለብቻው መኖሩ ባሏ የሞተባት አሮጊት በራሷ ስም አባል ሆና እንድትቀጥል አስችሏታል። በብዙ የገጠር እድሮች መዝገቡ ላይ ያለው የአባወራው ስም ነው። እርሱ ሲሞት የሚስቲቱ አባልነት ምን ይሆናል የሚለውን እያንዳንዱ ማኅበር ደንቡን አውጥቶ ቢመለከተው ጥሩ ነው።

አራተኛ፣ ርቀትን ማሰብ ይገባል። በጀጎል ያለው ሁሉ በአንድ ጋሻ መሬት ላይ ነው፤ የገጠር ቤት ግን የተበታተነ ነው። ስብሰባው ሁልጊዜ በጽሕፈት ቤቱ ከሚሆን በየመንደሩ ዛፍ ጥላ ሥር ተራ እየያዘ ቢደረግ፣ ዳገት መውጣት ያቃተው ሽማግሌም በወር አንድ ጊዜ ሰው መሐል ይውላል። መዋጮ ያጠረውም በገንዘብ ፈንታ በሚችለው ሥራ፣ ለምሳሌ ሐዘንተኛ ቤት በመቀመጥ ወይም ሕፃናትን በመጠበቅ እንዲከፍል ሊፈቀድለት ይችላል።

ይህን ለመፈጸም በጀት አያስፈልግም። የማኅበሩን መዝገብ ከፍቶ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን አባሎች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸውንም እናቶች ጨምሮ፣ በስም ማውጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቀጥሎ በየስማቸው አንጻር በሳምንት ማን እንደሚጠይቃቸው፣ እነርሱስ ለማን እንደሚያስፈልጉ መጻፍ ነው። ከስሙ ፊት ለፊት ባዶ ሆኖ የተገኘ ሰው ካለ ማኅበሩ በመጀመሪያ ሊሄድ የሚገባው ወደዚያ ቤት ነው።