ኦርኪድን ከጥማት ይልቅ የውኃ ብዛት ይጎዳዋል

በየመኖሪያ ቤቱ በስፋት የሚታየው ፋላኖፕሲስ የተባለው የኦርኪድ ዓይነት የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃታማ ደኖች ተወላጅ ነው። በዚያ የሚበቅለው በአፈር ውስጥ ሳይሆን የዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ነው፤ ሥሮቹም ዝናቡን ከጠጡ በኋላ በነፋስ ይደርቃሉ። በተራ አፈር ተተክሎ ውኃ ሲበዛበት ግን ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ተክሉን በተቆራረጠ የዛፍ ቅርፊት፣ ከታች ቀዳዳ ባለውና ውስጡን በሚያሳይ መትከያ ማኖር ይመረጣል። የማጠጫውን ጊዜ የሥሩ ቀለም ያመለክታል፦ አረንጓዴ ሲሆን ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ብርማ ነጭነት ሲለወጥ ውኃ ይሻል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥላል፤ ከአየር ማቀዝቀዣ በቀጥታ የሚመጣ ነፋስም እንቡጦቹን ሊያረግፍ ይችላል። በስስ መጋረጃ የተከለለ መስኮት ይስማማዋል።

አበባው ሲረግፍ ተክሉን መጣል አይገባም። ሥሩና ቅጠሉ ጤናማ ከሆኑ፣ ለጥቂት ሳምንታት ሌሊቱ ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝለት ዳግም ሊያብብ ይችላል።