የነዳጅ ቧንቧዎች የዝገት ትንበያ ያለ ምርመራ ዋስትና አይሆንም

ድፍድፍ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ የሚተላለፉባቸው ቧንቧዎች በአብዛኛው ከብረት የሚሠሩ በመሆናቸው ከውስጥ በኩል በዝገት የመጠቃት አደጋ ያጋጥማቸዋል። ይህ ዝገት ከውጭ የማይታይ በመሆኑ ቧንቧው ከመበሳቱ በፊት የዝገቱን ፍጥነት በስሌት መተንበይ የሰውን ሕይወት፣ አካባቢንና ሀብትን ከጉዳት ለመጠበቅ ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። ሆኖም ስሌቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ ቀደም የደረሱ አደጋዎች ያረጋግጣሉ።

ከጉድጓድ ከሚወጣው ነዳጅ ጋር ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አንዳንድ ጊዜም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ አብረው ይወጣሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ውስጥ ሲሟሟ አሲድ በመፍጠር ብረቱን ይበላል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ከማዛጉም በላይ ብረቱ በድንገት እንዲሰነጠቅ ሊያደርግ ይችላል።

ደ ዋርድና ሚሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 የዝገትን ፍጥነት ከሙቀትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ጋር የሚያዛምድ ቀመር አቅርበዋል። ኖርሶክ ኤም-506 የተሰኘውን የኖርዌይ መስፈርት ጨምሮ ከዚያ በኋላ የተዘጋጁት ስሌቶች የውኃውን አሲድነትና የፈሳሹን ፍሰት ጭምር ያገናዝባሉ። ውጤቱ የሚገለጸው በዓመት በሚበላው የብረት ውፍረት ነው። ለምሳሌ ዝገቱ በዓመት 0.5 ሚሊ ሜትር የሚበላ ቢሆን፣ ለመጠባበቂያ የተጨመረ የ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት በ10 ዓመት ውስጥ ያልቃል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ቀመሮች በቧንቧው ወለል በተጠራቀመ ደለል ሥር የሚራቡ ባክቴሪያዎች የሚያስከትሉትን ዝገት በሚገባ አያሳዩም። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 በአሜሪካ አላስካ ግዛት፣ ቢፒ የተባለው ኩባንያ በወቅቱ ያስተዳድረው በነበረው የፕሩዶ ቤይ የነዳጅ መስክ፣ ከውስጥ በዝገት ከተበሳ ቧንቧ 5 ሺህ በርሜል ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ፈስሷል። መስመሩ አብዛኛው ውኃና ጋዝ የተለየለት ነዳጅ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ለዝገት እምብዛም እንደማይጋለጥ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን ፍሰቱ ዝግተኛ ስለነበረ ደለልና ውኃ ከታች ሊዘቅጡ ችለዋል። በቧንቧው ውስጥ እየተጓዘ የግድግዳውን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ በመስመሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተላከው ከ8 ዓመት በፊት፣ በ1998 ነበር። ኩባንያው በ2007 ጥፋቱን አምኖ በጠቅላላው 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

በኒው ሜክሲኮ ግዛት በካርልስባድ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 የደረሰው አደጋ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። ከውስጥ የዛገ የጋዝ ቧንቧ ፈንድቶ በአካባቢው ድንኳን ተክለው የነበሩ 12 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በመሆኑም የዝገት ትንበያ ሪፖርት የሚቀርብላቸው ኃላፊዎች ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን መመርመር ይጠበቅባቸዋል። ስሌቱ የተመሠረተበት የውኃና የጋዝ ናሙና መቼ እንደተወሰደ፣ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ዝቅተኛ ቦታዎች መለየታቸውንና ትንበያው በቅርቡ ከተለካ የቧንቧ ውፍረት ጋር መነጻጸሩን መጠየቅ ተገቢ ነው። ትንበያ ምርመራው የትና መቼ መካሄድ እንዳለበት ያመለክታል እንጂ ምርመራውን ሊተካ አይችልም።