ለካንሰር መድን ስንት ትከፍላላችሁ?

የካንሰርን ሕክምና ጭምር የሚሸፍን የጤና መድን ቢመጣ በዓመት ስንት ብር ታዋጣላችሁ? ይህን ጥያቄ ተመራማሪዎች በየአገሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ አጠያየቃቸው ደግሞ ብልሃት አለው። ዝም ብለው «ስንት?» ቢሉ ሰው ግራ ይገባዋል፣ ወይም ለመገላገል ያህል የመጣለትን ቁጥር ይጠራል። ስለዚህ ዋጋውን ራሳቸው ይጠራሉ፦ «እናቴ፣ በዓመት 1,000 ብር ቢባል ይከፍላሉ?» አዎ ካሉ ወደ 1,500 ከፍ ይላል፤ አይ ካሉ ወደ 700 ይወርዳል። የሚቀጥለው ቤት መነሻው 2,000 ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የተጠራ ዋጋ የሰውን ሐሳብ ወደ ራሱ ስለሚስብ መነሻውን ይለዋውጡታል።

ስሌቱን እዩልኝ። ከ1,000 ሰው በዓመት አንዱ ታመመ፣ ሕክምናውም 300,000 ብር ፈጀ እንበል። ብቻውን ከሆነ በሬውንም ቤቱንም ይሸጣል። ሁሉም ካዋጣ ግን ለአንድ ሰው 300 ብር ብቻ ይደርሳል! ያልታመመውስ ከሰረ? በእድራችን ዓመቱን ሙሉ ከፍሎ «ቤቴ ለቅሶ አልገባምና ገንዘቤን መልሱልኝ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም የሚመዘግበው ግለሰብን ሳይሆን ቤተሰብን ነው፤ የታመመው ብቻ እየተመረጠ ቢገባ ቋቱ ወዲያው ይራቆታልና።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን «ምንም አልከፍልም» የሚለው መልስ ነው። ለምን ሲባሉ አንዱ «የለኝም» ይላሉ። ሌላዋ ደግሞ «ልጄ፣ ከፍዬስ መድኃኒቱን የት አገኘዋለሁ?» ይላሉ። ሁለቱም ቅጹ ላይ ዜሮ ናቸው። ተመራማሪዎች ሁለተኛውን «የተቃውሞ ዜሮ» ብለው ይለዩታል፤ ብዙ ጊዜም ከስሌቱ ያወጡታል። በእኔ እምነት በእኛ አገር ከሁሉም በላይ ሊደመጥ የሚገባው እሱ ነው።

ለምን መሰላችሁ? የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የነበረው አዲስ አበባ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። የጅማና የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎችን የመሳሰሉት ማዕከላት የተጨመሩት በቅርብ ነው። የማኅጸን በር ካንሰር ተገኝቶባት ከሩቅ ወረዳ ሪፈር የተጻፈላት እናት አዲስ አበባ ስትደርስ የሚጠብቃት የወራት ወረፋ ነበር። እስከዚያ የማደሪያ ኪራይ አለ፣ የአስታማሚ ቀለብ አለ፣ ቤት የቀሩት ልጆች አሉ፤ እርሻውም ጾሙን ያድራል። ይህ ሁሉ ሐኪም ቤት ደረሰኝ የሚቆርጥበት ወጪ አይደለም፤ ሕመሙም ወረፋ አይጠብቅም። እንዲህ ያለውን ያየ ጎረቤት መዋጮ ሲጠየቅ ቢያመነታ መድንን ጠልቶ አይደለም፤ ቃል የተገባለት ሕክምና በጊዜው እንደሚደርስለት ማረጋገጫ ስላጣ ነው።

ስለዚህ ጠያቂው እናንተ ቤት የመጣ ቀን ዋጋውን ሰምታችሁ ብቻ አትመልሱ። የኬሞ መድኃኒቱ ከሐኪም ቤቱ ፋርማሲ ቢጠፋ ከውጭ የተገዛው ይተካልኛል? የጨረሩ ወረፋ ስንት ወር ነው? የመንገዱንና የማደሪያውንስ ማን ይችላል? ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ቅጹ ላይ እንዲጻፍም አድርጉ።