ቁልቋልን ለአጥር ስትተክሉ ከወተቱ ተጠንቀቁ

በብቸናና በሞጣ አካባቢ የምትኖሩ ገበሬዎች ቁልቋልን ማንም ሊያስተዋውቃችሁ አያሻም። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከድንጋይ መካከል ቆሞ ይታያል። ግንዱና ቅርንጫፉ ውሃ ስለሚያጠራቅም በጋውን ያለ ዝናብ ያልፋል። ቢጫ አበባውን ንቦች ይቀስሙታል፤ ከብት ስለማይበላውም ለጓሮ አጥር ተስማሚ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከነስሙ ጠቅሶታል።

ዘመዶቹ በሌላም አገር አሉ። ከሞሮኮ በስተ ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ በእሳተ ገሞራ በተፈጠሩት የካናሪ ደሴቶች እርሱን የሚመስል ቁልቋል ይበቅላል። የሁለቱም ወተት ያቃጥላል።

ለአጥር የሚሆነው ቅርንጫፍ በበጋ ይቆረጣል። ቆርጦ በዚያው ቀን መትከል ስሕተት ነው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ እርጥብ አፈር ካገኘው ይበሰብሳል። ስለዚህ ጥላ ሥር አንድ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ የተቆረጠው አፉ ሲደርቅ፣ ክረምቱ ሳይጠና ትከሉት። መሬታችሁ ውሃ የሚቋጥር መረሬ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ጠጠር ቀላቅሉበት።

ተከላው ቀላል ነው። የሚያስፈራው ወተቱ ነው። ቅርንጫፉ በገጀራ ሲመታ ወተቱ ይፈናጠራል። አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ ብትገባ መጀመሪያ እምብዛም ላታሳምም ትችላለች፤ ሰውም ችላ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ዓይኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ብርሃን ማየት ይሳነዋል። ሳይታከም ቢቆይ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ ስትቆርጡ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ቀና ብላችሁ አትምቱ። ልጆችን አርቁ፤ ወተቱን ለጨዋታ ይነካሉና። ሥራው ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ፤ ገጀራውንም እጠቡ። ወተቱን ለመድኃኒት ብሎ መጠጣትም አንጀት ያቆስላል።

ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት። ወዲያውኑ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሳችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡት። የጡት ወተትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አትጨምሩበት። ሕመሙ ቢቀልም እንኳ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና የገባው የቁልቋል ወተት መሆኑን ለሐኪሙ ንገሩ።