ምቱ የተረጋጋ፣ ግፊቱ ያልተረጋጋ

ዲጂታል የግፊት መለኪያ ልኬቱን ሲጨርስ ሦስት ቁጥሮች ያሳያል። የመጀመሪያው ልብ ሲኮማተር ደም በደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው። ሁለተኛው ልብ በምትና በምት መካከል ሲያርፍ ያለው ግፊት ነው። ሦስተኛው ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ይነግረናል። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን አይቶ «ልቤ ደህና ነው» እያለ ይጽናናል። ምት ግን ለግፊት ዋስ አይሆንም።

ያረፈ አዋቂ ሰው ልብ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። የሠለጠነ ሯጭ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ከ60 በታች ቢወርድም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ግፊትን የሚወስነው ግን የምት ብዛት ብቻ አይደለም፤ በየምቱ የሚወጣው የደም መጠንና የደም ሥሮች ጥበትም አሉበት። ዳገት ስንወጣ ምታችን እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የጡንቻ ደም ሥሮች ስለሚሰፉ ግን ግፊታችን በዚያው ልክ አይጨምርም። በተቃራኒው ሥሮቹ ከጠበቡና ከደነደኑ፣ ምቱ 70 ላይ ረግቶ ግፊቱ 170/100 ሊደርስ ይችላል።

ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ለዓመታት ልብን ያደክማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ለስትሮክም ይዳርጋል። ቆይቶ የልብን የአመታት ሥርዓት ሊያዛባም ይችላል። ስለዚህ የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፎ ምትን መቁጠር ጥቅም አለው፤ ወጥ ያልሆነ፣ የሚዘበራረቅ ምት ካገኙ ለሐኪም ይንገሩ። ግፊትን ግን በጣት ማወቅ አይቻልም።

ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራም አያጭሱ። ሽንትዎን ሸንተው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን መሬት ላይ አሳርፈው 5 ደቂቃ ይቀመጡ። ክንድዎ በልብዎ ትይዩ ይረፍ፤ ሲለኩም አያውሩ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ቦታ ይሂዱ።

የደም ብዛት መድኃኒቶችም በየራሳቸው መንገድ ይሠራሉ። አቴኖሎል ምትን ያዘገያል፣ አምሎዲፒን ደም ሥርን ያሰፋል። በአቴኖሎል ምቱ የቀነሰ ሰው ግፊቱም ወርዶለት እንደሆነ የሚያውቀው ሲለካ ብቻ ነው። ግፊቱ ከተስተካከለ ደግሞ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ ግፊቱን ያወረደለት ያው መድኃኒት ሊሆን ይችላልና።